የኪያሩ ቀኝ ጎን

ዋያንዶት፣ ሚሺጋን
እሑድ፣ ጁላይ 28

ውድ ጃጃ፣

ፓራፋንጎው አልተነካም።

ይህን ያስቀደምኩት ስለማውቅህ ነው። ፖስታውን ገና ከሳጥኑ ሳታወጣ፣ መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ፣ «መነጽሬን ያየ!» እያልክ አክስቴ ኢርካን ስታሯሩጣት ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። እንግዲህ ከኋላ ጎማው በላይ ያለው ላሜራህ ደህና ነው። አልተቆረጠም፣ አልተቀጠቀጠም፣ አልታጠፈም። አሁን ተቀመጥና በረጅሙ ተንፍስ። ከዚህ በኋላ ያለው ኑዛዜ ነው፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ ደግሞ፣ ስትደርስበት ታየዋለህ፣ የአንተ።

ያልደወልኩት ሆን ብዬ ነው። በስልክ ስናወራ ግማሹን አትሰማም፣ የሰማኸውን ግማሽ ደግሞ ትከራከረኛለህ። ደብዳቤ አይቋረጥም። አያቱን አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ አውርቶ የጨረሰ የልጅ ልጅ በዘራችን ካለ እኔ የመጀመሪያዋ ልሁን።

የተመረቅኩ ቀን ያልከኝን ታስታውሳለህ? ቆቤን እንኳ ሳላወልቅ ነበር የደወልከው።

«መሐንዲስ ሆንሽ አሉ፣ ብሮንያ።»

«ሆንኩ ጃጃ!»

«እንግዲያው ኪያሩን የፈለግሽውን ጎማ አልብሺው።»

መጮሄ ትዝ ይልሃል፤ እማ የሆነ ሰው የሞተ መስሏት ነበር። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ስለምንህ የኖርኩት ነገር ነዋ! ሌሎች ልጆች ውሻ ይለምናሉ፤ እኔ በኮምጣጤ ኪያር ቀለም ለተቀባችው፣ ከእማ ልደት በፊት ጀምሮ ቤተሰቡ በሙሉ «ኪያሩ» እያለ ለሚጠራት ለዚያች የስድሳ ዘጠኝ ሞዴል መኪናህ ሰፊ የኋላ ጎማ። አንተም ሁሌ አንድ መልስ ነበረህ። «ሰፊ ጎማ ለታይታ ነው። መኪና ጫማ ነው የሚያደርገው እንጂ ጀልባ አይደለም።» እሺ ስትለኝ ታዲያ ለምን አልጮህ?

ከዚያ ግን ድምፅህን ዝቅ አደረግክ። «አንድ ነገር ብቻ። ላሜራዬን እንዳትነኪ። ሳትነኪ ካስገባሽው ኦገስት ላይ መጥቼ ጎንሽ እቀመጣለሁ። ከነካሽው ግን እዚሁ ከእንሽላሊቶቼ ጋር እኖራለሁ።»

አንተ ሳቅክ። እኔ አልሳቅኩም። ሳንባህ የኛን ብርድ አልችል ብሎ ቱሳን ከሄድክ ወዲህ ሁለት ኦገስት አልፏል፤ ሁለት ጊዜ ዉድዋርድ ጎዳና በድሮ መኪኖች ሲጥለቀለቅ ኪያሩ ከጋራዥ አልወጣም። ዘንድሮ ደግሞ ሴፕቴምበር ላይ ሥራ ልጀምር ወደ ቴነሲ እሄዳለሁ። ይህ ኦገስት ካለፈ አንተ በረሃ፣ እኔ ቴነሲ፣ ኪያሩ ጨለማ ውስጥ። መቼ ልንገናኝ ነው? ስለዚህ ላንተ ቀልድ የነበረው ለእኔ ውል ሆነ።

ምርጫው ብቻውን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ኮኒ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ያው ሽማግሌዎችህ አሉ፤ ያው ታጣፊ ወንበር፣ ያው ሰናፍጭና ሽንኩርት የተከመረበት የቋሊማ ሳንድዊች፣ ኮኒ፣ ያው ተከፍቶ የቀረ የመኪና ኮፈን። «ለኪያሩ ምን ዓይነት ቸርኬ ይሁን?» ብዬ ጠየቅኩ። ጃጃ፣ የቱ ሃይማኖት ትክክል ነው ብዬ ብጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ባለቀይ መኪናው፣ «አሥራ ስምንት ኢንች አድርጊ፣ ዘመኑ የሱ ነው» አለኝ።

ጎኑ የተቀመጠው ኮኒው ሊያንቀው ነበር። «አሥራ ስምንት? ያ ቸርኬ ነው የፒዛ ትሪ? ጎማው እኮ ዳር ዳሩን እንደ ላስቲክ የተጣበቀ ነገር ነው የሚመስለው!»

«አንተ ደግሞ ከሠረገላ ወርደህ መች አየህና!»

ይህን ጊዜ ሚስተር ፑልያም አፉን ጠረገ። ፎርት ጎዳና ላይ ያለው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎማ ያስቀየርክበት ጎሚስታ። እሱ ሲናገር ሌላው ዝም እንደሚል ታውቃለህ።

«መኪናዋ ስትወለድ ቸርኬዋ አሥራ አራት ነበር» አለኝ። «አሥራ አምስት አድርጊላት። ወደ ላይ አታሳድጊያት፤ ወደ ጎን አወፍሪያት፣ ጉንጯ ይሙላ። ጉንጭ የሌለው ጎማ በምኑ ይስቃል?»

ነገሩ በዚያ አለቀ። ከፊት ሰባት፣ ከኋላ ስምንት ኢንች ተኩል ስፋት ያለው፣ ያንተን የመሰለ ግራጫ ቸርኬ፣ ጎማውም ጉንጨ ሙሉ።

ቸርኬ ሲሰፋ ግን ስንት ይስፋ የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው። ከባዱ ወዴት ይስፋ የሚለው ነው። ወደ ውስጥ ከበዛ ሻሲውን ይልሳል፤ ወደ ውጭ ከበዛ ፓራፋንጎውን ይነክሳል። በመካከል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት፤ ቸርኬውም በልክህ ተሠርቶ ነው የሚመጣልህ። ስለዚህ ለካሁ። መኪናውን ክሪክ ላይ ሰቅለው፣ እግሩ ተንጠልጥሎ እንደሚለኩት ሞኞች አይደለም! ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳለ፣ ከፓራፋንጎው ከንፈር ቱንቢ ጥዬ፣ በካርቶን ቅርጹን ቆርጬ እያስገባሁ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ለካሁ። ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር።

የግራውን ጎን።

አዎ። የግራውን ብቻ። የቀኙ ጎን የጋራዡን ግድግዳ ተጠግቶ ነዋ! መደርደሪያው ላይ አያቴ ቡሻ የሞላቻቸው የኪያር ጠርሙሶች አሁንም እንዳሉ ናቸው፤ ከሥሩ የሣር ማጨጃው፣ ከማጨጃው በስተጀርባ የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመጃ ድንኳንህ። ያን ሁሉ ከማወጣ ብዬ የግራውን ልክ ለቀኙም ጻፍኩት። አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግማሹን ትሥላለህ፣ ሌላውን እንደ መስታወት ትገለብጠዋለህ፣ ያልቃል። ኮምፒውተሩ ላይ አንድም መኪና ተንጋዶ አያውቅም።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገርህ። ቸርኬዎቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመጡ ሚስተር ፑልያም ጎማውን ከመግጠሙ በፊት እጁን ቸርኬው ላይ አሳርፎ ጠየቀኝ።

«አንዴ ጎማ ከለበሰ የሚመልስልሽ የለም። ሁለቱንም ጎን ለክተሻል?»

«ለክቻለሁ» አልኩት።

ይኸው። ዋሸሁ፣ ጃጃ። ለሠላሳ ዓመት ጎሚስታህ፣ ዓይኑን እያየሁ።

እሱም አመነኝና ገጠመ። ጎማው ጎን ላይ ያሉት ነጫጭ ፊደላት ወደ ውስጥ ይሁኑ ወደ ውጭ ስለው ማሽኑን አቁሞ ነው የሳቀብኝ። «ወደ ውስጥ? ፊደሉን ወደ ውስጥ የሚያዞር ሰው እኮ ለሠርጉም ቀን ሱፉን ገልብጦ ነው የሚለብሰው!» ወደ ውጭ ሆነ።

ከማንሻው ሲወርድ ብታየው! የኋላ ጎማዎቹ ቀዳዳቸውን ሞልተው፣ ኪያሩ ትንሽ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ ልክ ሊዘል እንዳለ ድመት። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በእርሳስ የሣልኩትና ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍክልኝ ሥዕል ነፍስ ዘርቶ ፎርት ጎዳና ላይ ቆመ። ሞተሩን አስነሣሁ፤ መስኮቱን ሁሉ አወረድኩ። ከሱቁ መቶ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ያለው ሐዲድ ጋ ደርሼ የኋላው ዘለል ሲል፦

ክርርርርት።

ከቀኝ በኩል። ወርጄ ጣቴን ልከት ሞከርኩ። በግራው በኩል አውራ ጣት የሚያልፍበት ክፍተት አለ፤ በቀኙ ወረቀት አያልፍም።

እንግዲህ በዚህ አገር መድኃኒቱን ሕፃን ያውቀዋል። የቤዝቦል ዱላ። ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ታስገባዋለህ፣ መኪናውን ቀስ አድርገህ ትገፋለህ፣ ዱላው እየተንከባለለ የላሜራውን ከንፈር ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። አምስት ደቂቃ። ከውጭ የሚያይ አያውቅም። ማክሰኞ ሜዳ ላይ ከቆሙት መኪኖች ግማሹ እንደዚያ ነው። ሃይስኩል የተጫወትኩበት ዱላዬ ከአልጋዬ ሥር ነበር። አወጣሁት፤ መኪናውን እንድትገፋልኝ ደግሞ እማን ጠራኋት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ መኪና በዱላ እንድትደበድቢ ነው?»

«አልደበድብም እማ። ይንከባለላል።»

«አባቴ ምን እንዳለ ረሳሽው?»

«አያውቅም።»

«እሱ? ቱሳን ሆኖ ይሸተዋል! ደግሞ ቢያውቅም ባያውቅም፣ ጎንሽ ሲቀመጥ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ዱላውን አስገባሁት፣ ጃጃ። የምናዘዘው ይህን ነው። ትመጣለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ትስቃለህ፣ እኔም ዝም እላለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ዱላው በትክክል መግባቱን ለማየት ሲሚንቶው ላይ በጀርባዬ ተኛሁና በስልኬ ባትሪ ከንፈሩን ከሥር አበራሁበት።

ቀለም። አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ በብሩሽ የተቀባ። ጎማው ከላዩ ትንሽ ፍቆታል፤ ከሥሩ ግን ዕድሜ የጠገበ ሌላ ጭረት አለ፤ ልክ የእኔ ጎማ የነከሰበት ቦታ። ፋብሪካ ደግሞ በብሩሽ አይቀባም። በቀለሙ ውስጥ አንዲት የብሩሽ ፀጉር ተጣብቃ ቀርታለች።

የኩሽናችን በር ላይ እንዲህ ያለ ፀጉር አለ። የወፍ ቤቱ ላይ አለ። የቡሻ ብስክሌት ላይ ሦስት አሉ። በዓለም ላይ ብሩሹን ሳያራግፍ የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

«እማ!» ብዬ ጮህኩ። «ጃጃ ሰፊ ጎማ ሞክሮ ያውቃል!»

«ማን? አባቴ? ጀልባ ነው እያለ?»

አጎንብሳ አየች። ቀና ስትል ዓይኗ የአበባ መደቡ ላይ ቀረ። «ቆይ... ቡሻ ፔቱኒያ የተከለችበት ጎማ...»

ሮጬ ሄድኩ። ልጅ ሆኜ የተቀመጥኩበት፣ ነጭ የተቀባው፣ አፈር የሞላው ያ ጎማ! በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ለምን ይህን ያህል ይሰፋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለካሁት። ጃጃ፣ የአበባው ጎማ ከእኔዎቹ ጎማዎች ይሰፋል! እማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምሥጢርህ ፔቱኒያ ሲያበቅል ኖረ።

ዱላውን አውጥቼ አልጋዬ ሥር መለስኩት። አንተም እዚሁ ቦታ፣ ይህንኑ ክርርርት ሰምተህ፣ ላሜራውን አጥፈህ መገላገል ስትችል አላጠፍክም። ጎማውን ለሚስትህ አበባ ሰጥተህ ወደ ጠባቡ ተመለስክ። እኔ ማን ሆኜ ነው የማጥፈው?

በማግስቱ ያኔ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። ማጨጃውን፣ ድንኳንህን፣ ሁሉንም አስወጣሁ። ኪያሩን ደልዳላ ቦታ አቁሜ በሁለቱም ጎን ቱንቢ ጣልኩ። ቀኙ ከግራው ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ይጠብባል። ከዚያ እግሬን እየጎተትኩ ሚስተር ፑልያም ዘንድ ሄድኩ።

«የቀኙን አልለካሁም ነበር» አልኩት። «ዋሽቼዎታለሁ።»

ቀና ብሎም አላየኝ። «አውቃለሁ። ሐዲዱ ላይ ስትደርሺ ጎማው ነግሮኛል። በራስሽ እግር እስክትመጪ ብዬ ነው የጠበቅኩሽ።» ከዚያ የጻፍኩትን ወረቀት ተቀብሎ አየና ወደ ውስጥ ወደ ውስጥ መሳቅ ጀመረ። «ቸርኬሽ ምንም አልሆነም። ፓራፋንጎውም ምንም አልሆነም። ባርኔጣው ነው የተንጋደደው።»

ባርኔጣው! ጃጃ፣ ይህን ቃል ከማን እንደሰማሁት ታውቃለህ። ፋብሪካ ውስጥ ሥራህ ምን እንደነበር ስንት ገና ራት ላይ ነግረኸናል? ቦዲው ከላይ በሰንሰለት ይወርዳል፣ አንተና ጓደኛህ ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ሻሲው ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ «ልክ ባርኔጣ ራስ ላይ እንደማስቀመጥ!» ከዚያ ጣትህን ታነሣለህ። «አሥራ አንድ ዓመት! አንድ ባርኔጣ አጣምሜ አላውቅም!»

ሚስተር ፑልያም እንዳለው፣ ቦዲው ከሻሲው ጋር የተያያዘባቸውን ቡሎኖች ብናላላ፣ ቀዳዳቸው ውስጥ ትንሽ መላወሻ አላቸው። አንድ ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ከገፋነው ሁለቱ ጎን እኩል ይሆናል። ላሜራ የሚነካ የለም። ሦስት ቀን ዘይት እያጠጣን ዝገቱን አለዘብነው፤ በአራተኛው ቀን ቡሎኖቹ እያለቃቀሱ ላሉ። ቦዲውን ከሻሲው በትንሹ አንሥተን፣ ክሪኩን አጋድመን፣ በእንጨት ደግፈን መግፋት ጀመርን።

«ትንሽ» ይላል እሱ። «ትንሽ... ሙሽራ እንደምታቅፊ እንጂ ሌባ እንደምትይዢ አይደለም... ትንሽ... ቁሚ!»

ቀኝ የኋላው ቡሎን አጠገብ፣ ቦዲው ለሃምሳ አምስት ዓመት ሸፍኖት የነበረ የሻሲው ብረት ብቅ አለ። በጨርቅ ጠረግኩት። በቢጫ እርሳስ፣ በወፍራሙ የፋብሪካ እርሳስ፣ አንዲት ዓሣ ተሥላለች። አንድ ዓይን፣ ሁለት ክንፍ፣ ወደ ላይ የተቆለመመ ጭራ። በየልደቴ ካርድ ላይ ከስምህ ሥር የምትሥላት ዓሣ።

ሚስተር ፑልያም መነጽሩን አደረገ። «ዓሣ ነው?»

«አያቴ ነው» አልኩት።

አሥራ አንድ ዓመት አንድም ባርኔጣ ያላጣመመው ሰው።

መኪናዋ መቼ እንደተሠራች የምትናገረውን የብረት ሰሌዳ ኮፈኑን ከፍቼ አነበብኩ፤ አፕሪል፣ ስድሳ ዘጠኝ፣ ሦስተኛው ሳምንት። የሠርግ ፎቶአችሁ ጀርባ ላይ ደግሞ ቡሻ በእጇ ጽፋለች፤ ቅዳሜ፣ አፕሪል 12። እማ ፎቶውን ሱቁ ድረስ አምጥታ ከሰሌዳው አጠገብ ይዛ አስተያየች። ሰኞ ሥራ ገባህ ማለት ነው። ከሁለት ቀን ጭፈራ በኋላ፣ በሃያ ሁለት ዓመትህ፣ እሷን ቤት ትተህ።

«የሙሽራ ሥራ ነው በይኛ!» አለ ሚስተር ፑልያም። «እኔማ ቀና ቢሆን ኖሮ ነበር የምታዘበው።»

ቡሎኖቹን አጠበቅን። ትንሿ ጣቴን በግራ አሳለፍኩ፣ በቀኝ አሳለፍኩ። ከዚያ ሐዲዱን አምስት ጊዜ ተመላለስኩበት። ዝም። ጭጭ። ውሻ የምታናፍስ ሴትዮ አሳዝኛት ኖሮ «የኔ ልጅ፣ መንገድ ጠፋሽ?» አለችኝ። «ኧረ ተገኘ!» ብያት ስድስተኛ ጊዜ አለፍኩ።

እንግዲህ ተሸንፈሃል። ላሜራ እንዳትነኪ አልክ፣ አልነካሁም። ቦዲውን እንዳታንቀሳቅሺ ግን አላልክም፤ አሁን ብትከራከር ፔቱኒያውን ምስክር እጠራለሁ። ኦገስት ሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት፣ ዉድዋርድ። ወንበርህ ላይ የቡሻን ትራስ አድርጌልሃለሁ። ሳንባህም ቢሆን በኦገስት ሙቀት ምክንያት የለውም፤ ኢርካን ጠይቄያለሁ፣ ሐኪሙን እንኳ አስጠይቄያለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በደብዳቤ እንዳትመልሰው። ዓሣዋን በምታስቀምጠው ባርኔጣ ሁሉ ሥር ነበር የምትሥላት፣ ወይስ የዚያን ቀን ብቻ? ይህችኑ መኪናስ ከዚያ ሁሉ መኪና መካከል እንዴት አግኝተህ ገዛሃት? ጎኔ ተቀምጠህ፣ መስኮቱ ወርዶ፣ ሽማግሌዎችህ ከታጣፊ ወንበራቸው ተነሥተው እያፏጩልህ ትነግረኛለህ።

ፎቶ አልላክሁም። ሆን ብዬ ነው። ዓሣህንም አላጠፋኋትም፤ ቦዲው ተመልሶ ሸፍኗታል። ከመሸፈኑ በፊት ግን ሚስተር ፑልያም ቢጫ እርሳስ አውሶኝ፣ ከጎኗ አንዲት ትንሽ ዓሣ ሣልኩ። ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚዋኙት።

ትንሿን ጣትህን ይዘህ ና። በሁለቱም ጎን ታልፋለች።

ያንተው መሐንዲስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም ጎን የምትለካው

ብሮንያ

(ከስሜ ሥር ያለችው ትንሿ ዓሣ የእኔ ናት። የትልቋን ቦታ ባዶ ትቼልሃለሁ፤ መጥተህ ሣላት።)